መጸው በሙቀት መሐል፦ ስለ ሊቺዩ አንባቢያን የጠየቁን

በቻይና ሊቺዩ፣ በጃፓን ሪሹ፣ በኮሪያ ኢፕቹ፣ በቬትናም ላፕ ቱ ትባላለች። አራቱም ስሞች በምሥራቅ እስያ ባህላዊ አቆጣጠር መጸው የሚገባባትን ቅጽበት ያመለክታሉ። ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ስለ እርሷ የሚጠይቁ በመሆናቸው የዚህን እትም ዓምድ ሙሉውን ለእርሷ ሰጥተናል። ከታች ያሉት ቀኖች በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። ሰዓቱ ከእኩለ ሌሊት የሚነሣው የ24 ሰዓት አቆጣጠር ሲሆን፣ ሌላ ካልተባለ የቤጂንግ ሰዓት ነው። በጋ የምንለው በእነዚህ አገሮች ሙቀት የሚበረታበትን ወቅት፣ ክረምት የምንለው ደግሞ ብርዱን ነው።

ጥያቄ፦ ቤጂንግ ለትምህርት መጥቻለሁ። ኦገስት 7 ቀን «ዛሬ መጸው ገባ» ብለው ሐብሐብ ጋበዙኝ፤ ውጭ ግን ላብ በላብ የሚያደርግ ሙቀት ነበር። አቆጣጠሩ ተዛብቶ ነው ወይስ መጀመሪያውኑ ለሌላ አገር የተሠራ ነው?

መልስ፦ አልተዛባም። ግራ የሚያጋባው ሊቺዩን እንደ አየር ትንበያ ስንወስዳት ነው። እርሷ የምትነግረን ፀሐይ የት እንደደረሰች ብቻ ነው። ከምድር ሆነን ስናያት ፀሐይ በዓመት አንድ ሙሉ ዙር፣ ማለትም 360 ዲግሪ ትጓዛለች። አቆጣጠሩ ይህን ዙር በ24 እኩል ቦታ ይከፍለዋል፤ አንዱ ክፍል 15 ዲግሪ ነው። ዜሮ የሚባለው በማርች 20 ወይም 21 ቀንና ሌሊት እኩል ሲሆኑ ነው። የዓመቱ ረጅሙ ቀን (ጁን 21 አካባቢ) 90 ዲግሪ ላይ፣ ሁለተኛው የቀንና የሌሊት እኩልነት (ሴፕቴምበር 22 ወይም 23) ደግሞ 180 ዲግሪ ላይ ይውላል። ሊቺዩ የሁለቱ እኩሌታ፣ 135 ዲግሪ ናት።

ብዙ የምዕራባውያን ካላንደሮች ረጅሙን ቀን የበጋ መጀመሪያ ያደርጉታል። በምሥራቅ እስያ ግን ረጅሙ ቀን የበጋ አናት ነው፤ የሴፕቴምበሩ እኩልነትም የመጸው መካከል ነው። ስለዚህ መጸው ከእኩልነቱ አንድ ወር ተኩል ቀድሞ መግባት አለበት። ስድስት ክፍሎችም አሉት፦ ሊቺዩ፣ ቹሹ፣ ባይሉ፣ ቺዩፈን፣ ሃንሉ፣ ሽዋንግጂያንግ። ከዚያ በኋላ በኖቬምበር 7 ወይም 8 ክረምት ይገባል።

ለውጡን በዓይንዎ ማየት ይችላሉ። ደልዳላ ወለል ላይ 1 ሜትር ዘንግ ያቁሙና ቀጥ ማለቱን በቱምቢ ያረጋግጡ፤ ዘንጉ ትንሽ ካዘነበለ ልኬቱ ይበላሻል። ቤጂንግ 40 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነች በረጅሙ ቀን የእኩለ ቀን ጥላው 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ በሊቺዩ 44 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። እኩለ ቀን ስንል ሰዓትዎ 12፡00 ሲል ማለታችን አይደለም። ጥላው ከሁሉ የሚያጥርባት ቅጽበት ነች፤ ቤጂንግ ላይ በኦገስት መጀመሪያ 12፡20 ገደማ ላይ ትውላለች። ከ12፡05 ጀምረው በየሁለት ደቂቃው የጥላውን ጫፍ በጠመኔ ምልክት ያድርጉና አጭሩን ይውሰዱ። የቀኑ ርዝመትም በረጅሙ ቀን ከነበረው 15 ሰዓት ወደ 14 ሰዓት ወርዷል። ፀሐይ መውረድ ጀምራለች ማለት ነው፤ አቆጣጠሩም የሚለው ይህንኑ ነው።

ታዲያ ሙቀቱ ለምን አብሯት አይወርድም? ያንኑ 44 ሴንቲ ሜትር ጥላ በሜይ 5 ወይም 6፣ ሊሺያ በምትባለው የበጋ መግቢያም ያገኙታል። የፀሐይዋ ከፍታ በሁለቱም ቀን አንድ ነው። በሜይ ግን መሬቱና ባሕሩ ገና ከክረምት ቅዝቃዜ እየተላቀቁ ናቸው፤ በኦገስት ሁለት ወር ሙሉ ሙቀት ሲያጠራቅሙ ከርመዋል። በዚያ ላይ የበጋው ነፋስ ከባሕር የሚያመጣው እርጥበት ሌሊቱ እንዳይቀዘቅዝ ያደርጋል። የጥንቶቹም ይህን አልሳቱትም፤ «የሙቀት ማብቂያ» የሚል ትርጉም ያላትን ቹሹን ከሊቺዩ 15 ዲግሪ በኋላ፣ ኦገስት 23 አካባቢ አስቀምጠዋታል። ከሊቺዩ በኋላ የሚመጣውን ሙቀት ቻይናውያን «ቺዩ ላውሁ»፣ የመጸው ነብር ይሉታል።

ለሌላ አገር ተሠርቶ ይሆን ላሉት ግን ከፊል እውነት አለዎት። ሃያ አራቱ ክፍሎች የተቀመሩት በቢጫ ወንዝ ሸለቆ ሲሆን፣ በይፋዊው አቆጣጠር ውስጥ የገቡት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ104 ዓመት፣ ታይቹ በተባለው አቆጣጠር ነው። ዛሬ የቻይና የአየር ጠባይ ባለሙያዎች መጸው ገባ የሚሉት የአምስት ቀን አማካይ ሙቀት ከ22 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲወርድ ነው። በዚህ ልክ ቤጂንግ መጸውን በሴፕቴምበር ታገኘዋለች፤ በደቡብ ያለችው ጓንግጆ እስከ ኖቬምበር ትጠብቃለች። ልብስ ለመቀየር የሚያስቡ ከሆነ የሚከተሉት ይህን ልኬት ነው።

ጥያቄ፦ አንዳንድ ዓመት ኦገስት 7፣ አንዳንድ ዓመት 8 የሚሆነው ለምንድን ነው? በአንድ የቆየ የቬትናም ካላንደር ላይ ደግሞ ከቻይናው በአንድ ቀን የሚለይበት ዓመት አይቻለሁ። በእጅ ማስላት ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል። ፀሐይ ወደ 135 ዲግሪ የምትመለሰው በ365 ቀን ከ5 ሰዓት ከ49 ደቂቃ ገደማ ነው። ስለዚህ ቅጽበቷ በየዓመቱ ስድስት ሰዓት ያህል ወደፊት ትገፋለች፤ ፌብሩዋሪ 29 ያለበት ዓመት ሲመጣ አንድ ቀን ወደ ኋላ ትመለሳለች። በ2023 ኦገስት 8፣ 02፡22 ላይ ነበረች። በ2024 ኦገስት 7፣ 08፡09፤ በ2025 ኦገስት 7፣ 13፡51፤ በ2026 ኦገስት 7፣ 19፡42። በ2027 እኩለ ሌሊትን ተሻግራ ኦገስት 8 ትገባለች።

ለ21ኛው ክፍለ ዘመን የእጅ ስሌቱ ይህ ነው። የዓመቱን የመጨረሻ ሁለት አኃዞች በ0.2422 ያባዙ፤ 7.5 ይደምሩ፤ ከነጥብ በኋላ ያለውን ይጣሉ። ከዚያ ሁለቱን አኃዞች ለ4 አካፍለው ሙሉውን ቁጥር ይቀንሱ። ለ2026፦ 26 ሲባዛ በ0.2422 6.297 ነው፤ 7.5 ሲደመር 13.797፤ ነጥቡ ሲጣል 13። 26 ለ4 ሲካፈል ሙሉው 6 ነው፤ 13 ሲቀነስ 6፣ 7። ኦገስት 7 ማለት ነው።

ስሌቱ አቋራጭ ስለሆነ ቅጽበቷ እኩለ ሌሊት ጫፍ ላይ ስትውል ይስታል። በ2002 ውጤቱ 7 ይላል፤ እውነተኛዋ ቅጽበት ግን ኦገስት 8፣ 00፡39 ላይ ነበረች። የቬትናሙ ጥያቄዎ መልስም እዚሁ አለ፦ ሃኖይ ከቤጂንግ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች በዚያው ዓመት እዚያ ሰዓቱ ገና ኦገስት 7፣ 23፡39 ነበር። ቅጽበቷ አንዲት ሆና ሁለት ቀን ላይ ተጻፈች። ቶኪዮና ሶል ደግሞ ከቤጂንግ በአንድ ሰዓት ስለሚቀድሙ ልዩነቱ በተቃራኒው አቅጣጫ ሊወጣ ይችላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ሌላው ነገር ከረጅሙ ቀን ተነሥቶ ሦስት ጊዜ 15 ቀን መደመር ነው። ምድር በጁላይ መጀመሪያ ከፀሐይ በጣም የምትርቅበት ቦታ ላይ ስለምትሆን ቀስ ብላ ትጓዛለች፤ በዚህ ወቅት 15 ዲግሪ ለመሙላት 15.7 ቀን ገደማ ይወስዳል። ከረጅሙ ቀን እስከ ሊቺዩ 47 ቀን ነው። በክረምት ከአጭሩ ቀን እስከ ሊቹን፣ የጸደይ መግቢያ፣ 44 ቀን ብቻ ነው። በድሮ ጊዜ ዓመቱን በ24 እኩል የጊዜ ክፍል ይቆርጡት ነበር፤ አንዱም 15.2 ቀን ይሆናል። በእኩል ዲግሪ መቁረጥ ይፋዊ የሆነው በቻይና በ1645፣ በጃፓን በ1844 ነው። ከእነዚህ ዓመታት በፊት የተጻፈ ሰነድ ላይ ያለን ቀን በዛሬ ስሌት ሲያመሳክሩ ልዩነት ካገኙ ጸሐፊው ተሳስቷል ለማለት አይቸኩሉ።

ጥያቄ፦ በቻይና ካላንደር ላይ የ2025ቷ ሊቺዩ «በተደገመው ስድስተኛ ወር 14ኛ ቀን» ተብላ ተጽፋለች። መጸው የሚጀምረው በሰባተኛው ወር አይደለም እንዴ? ወርስ እንዴት ይደገማል?

መልስ፦ አቆጣጠሩ ፀሐይንም ጨረቃንም ይከተላል። ወሮቹ የጨረቃ ናቸው፤ እያንዳንዱ አዲስ ጨረቃ በምትወለድበት ቀን ይጀምራል። ሃያ አራቱ ክፍሎች ግን የፀሐይ ብቻ ናቸው። አሥራ ሁለት የጨረቃ ወራት 354 ቀን ገደማ ስለሆኑ በየዓመቱ 11 ቀን ይጎድላል፤ ጉድለቱ ሲከማች አንድ ወር ይጨመራል።

የትኛው ወር እንደሚደገም የሚወስኑት ሃያ አራቱ ክፍሎች ናቸው። በየተራ ሁለት ዓይነት ናቸው፦ አንዱ «መግቢያ»፣ ቀጣዩ «መካከል»። ሊቺዩ መግቢያ ናት፤ የሰባተኛው ወር መካከል ቹሹ ናት። ወር ስሙን የሚያገኘው በውስጡ ካለው መካከል ነው። መካከል የሌለው ወር ስም ስለማያገኝ ያለፈውን ወር ስም ይደግማል።

በ2025 የሆነውን ይመልከቱ። ስድስተኛው ወር ከጁን 25 እስከ ጁላይ 24 ነበር፤ መካከሉን ጁላይ 22 ላይ አግኝቷል። ቀጣዩ ወር ከጁላይ 25 እስከ ኦገስት 22 ቆየ። ቹሹ ግን ኦገስት 23 ላይ፣ ለአንድ ቀን አመለጠችው። በውስጡ የቀረችው ሊቺዩ ብቻ ናት፤ እርሷ ደግሞ መግቢያ እንጂ መካከል አይደለችም። ስለዚህ ወሩ ስድስተኛው ተደገመ፤ ኦገስት 7ም ከጁላይ 25 ሲቆጠር 14ኛው ቀን ሆነ። ሊቺዩ እንደ ዓመቱ በስድስተኛውም በሰባተኛውም ወር ልትውል ትችላለች። በሰባተኛው ወር 7ኛና 15ኛ ቀን የሚከበሩት በዓላት የጨረቃ በመሆናቸው ከእርሷ ጋር አይያያዙም፤ «ሊቺዩ በገባች በዚህን ያህል ቀን» ብሎ እነርሱን መቁጠር አያስኬድም።

ጥያቄ፦ የኮሪያ ጓደኞቼ በሙቀቱ ወራት ሦስት ቀን ለይተው የዶሮ ሾርባ ይበላሉ። የመጨረሻው ቀን አንዳንዴ በአሥር፣ አንዳንዴ በሃያ ቀን ይመጣል። ቀኑን አስቀድሜ ማወቅ እፈልጋለሁ።

መልስ፦ ሦስቱ ቀናት ቾቦክ፣ ጁንግቦክና ማልቦክ ናቸው፤ በአንድነት ሳምቦክ ይባላሉ። ሾርባው ሳምግዬታንግ ነው፤ ትንሽ ዶሮ በተጣባቂ ሩዝ፣ በጂንሰንግ፣ በነጭ ሽንኩርትና በደረቅ ጁጁቤ ፍሬ ተሞልታ የምትቀቀልበት። በቻይና ያው ወቅት ሳንፉ ይባላል፤ ክፍሎቹም ቹፉ፣ ጆንግፉና ሞፉ ናቸው።

የቀኑ ስሌት የሚያርፈው በአሥር ቀን ዙር ላይ ነው። ቀናት ከጥንት ጀምሮ በአሥር ስሞች ተራ በተራ ይጠራሉ፤ ሰባተኛው ስም ገንግ ነው። ገንግ የብረት ነው፤ መጸውም በአምስቱ ባሕርያት (እንጨት፣ እሳት፣ አፈር፣ ብረትና ውኃ) ትምህርት የብረት ወቅት ነው። በበጋ እሳት ፊት ብረት ይሸሸጋል ብለው ስላሰቡ መሸሸጊያዎቹን ቀናት በገንግ ቆጠሩ። ቾቦክ ከረጅሙ ቀን በኋላ ሦስተኛው ገንግ፣ ጁንግቦክ አራተኛው ገንግ ነው። ማልቦክ ግን አምስተኛው አይደለም፤ ከሊቺዩ በኋላ የመጀመሪያው ገንግ ነው። የሚያሳስተውም ይህ ነው።

ጁላይ 20 ቀን 2025 ገንግ ነበር። ከዚያ ወደፊትም ወደ ኋላም አሥር አሥር እያሉ ይቁጠሩ። በ2025 ረጅሙ ቀን ጁን 21 ስለነበር ገንጎቹ ጁን 30፣ ጁላይ 10፣ ጁላይ 20 ሆኑ፤ ቾቦክ ጁላይ 20፣ ጁንግቦክ ጁላይ 30። ሊቺዩ ኦገስት 7 ናት፤ ቀጣዩ ገንግ ኦገስት 9 ስለሆነ ማልቦክ በዚያ ቀን ዋለ። ልዩነቱ አሥር ቀን። በ2026 ደግሞ ገንጎቹ ጁን 25፣ ጁላይ 5፣ ጁላይ 15 ናቸው፤ ቾቦክ ጁላይ 15፣ ጁንግቦክ ጁላይ 25። ተከታዩ ገንግ ኦገስት 4 ነው፤ ሊቺዩ ግን ገና አልገባችም። ስለዚህ ይዘለልና ማልቦክ ኦገስት 14 ይሆናል። ልዩነቱ ሃያ ቀን። ኮሪያውያን እንዲህ ያለውን ዓመት ዎልቦክ ይሉታል።

በቻይና አቆጣጠር የሳንፉ ርዝመት በዚህ ምክንያት 30 ወይም 40 ቀን ይሆናል፤ የሚረዝመው መካከለኛው ክፍል ብቻ ነው። ሞፉ ምንጊዜም ከሊቺዩ በኋላ ስለሚመጣ አቆጣጠሩ ራሱ በመጸው መጀመሪያ ላይ ሙቀት እንዳለ ያውቃል፤ ለመጀመሪያው ጠያቂያችንም ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለንም።

ጥያቄ፦ «ሊቺዩ በጠዋት ከገባች ብርድ፣ በማታ ከገባች በሬ የሚገድል ሙቀት» የሚባለው አባባል ይሠራል?

መልስ፦ ለትንበያ አይሆንም። ቅጽበቷ በየዓመቱ ስድስት ሰዓት ያህል የምትገፋው በምድር ዙር ርዝመት ምክንያት እንጂ በአየሩ ምክንያት አይደለም። 08፡09፣ 13፡51፣ 19፡42 እያለች በአራት ዓመት ሰዓቱን ታዞራለች። አባባሉ እውነት ቢሆን ሙቀቱም በየአራት ዓመቱ በተራ መመለስ ነበረበት። በዚያ ላይ አንዲቱ ቅጽበት ለቤጂንግም ለጓንግጆም በአንድ ሰዓት ትገባለች፤ የሁለቱ ከተሞች ኦገስት ግን አይመሳሰልም። «ከሊቺዩ በኋላ ሦስት ዝናብ ባዶውን የሩዝ ቅርፊት እህል ያደርገዋል» የሚለው አባባል ግን ቁም ነገር አለው፤ ሩዝ ዛላ በሚያወጣበትና ፍሬው በሚሞላበት ጊዜ ውኃ ካጣ ፍሬው ገለባ ሆኖ ይቀራል።

ጥያቄ፦ ጃፓን በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሬያለሁ። በበጋ ለደንበኞች የሚላከውን የሰላምታ ካርድ እኔ እንድጽፍ ታዝዣለሁ። ሪሹ ካለፈ ጽሑፉ ይቀየራል ተባልኩ፤ እንዴት?

መልስ፦ እስከ ሪሹ ዋዜማ የሚላከው ሾቹ ሚማይ ነው፤ በሙቀቱ መሐል እንዴት ከረሙ ማለት። ከሪሹ ዕለት ጀምሮ ዛንሾ ሚማይ ይሆናል፤ ለቀረው ሙቀት። የውጭው ሙቀት ምንም ያህል ቢበረታ ስሙ ይቀየራል። የሚታየው ካርዱ የሚደርስበት ቀን እንጂ ፖስታ ቤት የገባበት ቀን አይደለም። በ2026 ሪሹ ኦገስት 7 ስለሆነች በኦገስት 5 የሚልኩትን ካርድ ዛንሾ ብለው ቢጽፉት ይሻላል። ዛንሾውም እስከ ኦገስት መጨረሻ ቢደርስ ነው ጥሩ።

አጻጻፉ አጭር ነው። የሰላምታው ሐረግ ከሌላው ጽሑፍ ጎላ ተደርጎ በራሱ መስመር ይጻፋል፤ መጨረሻው ላይ ነጥብ አይደረግም። መደበኛ ደብዳቤ የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ቃል እዚህ ላይ አይገባም። ከዚያ ስለ አየሩ አንድ ዐረፍተ ነገር፣ ስለ ተቀባዩ ጤና ጥያቄ፣ የመሥሪያ ቤቱ አጭር ወሬ፣ በሚቀረው ሙቀት ራሳቸውን እንዲጠብቁ ምኞት። ከታች ዓመቱና ወሩ ብቻ ይጻፋል፤ በወሩ ቦታ «ሪሹ» ብሎ መጻፍም ይቻላል፤ ቀኑ አይጻፍም። ከሪሹ በፊት ሾቹ ሚማይ ደርሶዎት መልሱን ከሪሹ በኋላ የሚልኩ ከሆነ መልስዎ ዛንሾ ነው። የተላከልዎትን ሐረግ መልሶ መገልበጥ በጀማሪዎች ዘንድ ጎልቶ የሚታይ ስሕተት ነው።

ጥያቄ፦ በደቡብ ኮሪያ ትንሽ ጓሮ አለኝ። ጎረቤቴ «ኢፕቹ ሲገባ የኪምቺ ጎመን ዝራ» ይሉኛል። ባለፈው ዓመት ጎመኔ ቅጠሉን ዘርግቶ ሳይጠቀለል ውርጭ መታው።

መልስ፦ አዘግይተው ተክለውታል ማለት ነው። ጎረቤትዎ ትክክል ናቸው። ኪምጃንግ፣ ለክረምቱ ኪምቺ (በጨውና በቅመም የሚብላላ ጎመን) በብዛት የሚዘጋጅበት ጊዜ፣ ክረምት በምትገባበት በኖቬምበር መጀመሪያ ዙሪያና ከዚያ በኋላ ስለሚውል፣ ጎመኑ ከዚያ ወደ ኋላ ተቆጥሮ ነው የሚዘራው። እንደ ዝርያው ከተዛወረ በኋላ ለመጠቅለል ከ70 እስከ 90 ቀን ይፈልጋል። ከኖቬምበር አጋማሽ ሰማንያ ቀን ወደ ኋላ ቢቆጥሩ የኦገስት መጨረሻ ላይ ይደርሳሉ፤ ችግኙ ደግሞ ከዚያ በፊት ከ20 እስከ 25 ቀን በችግኝ ሳጥን ይቆያል። ዘሩ የሚገባው በኢፕቹ ሰሞን ነው የሚባለው ለዚህ ነው።

ዘሩን ግማሽ ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ይዝሩ፤ ሳጥኑን የቀትር ፀሐይ በማይመታው ግን ብርሃን ባለበት ቦታ ያኑሩ፤ ነፍሳት እንዳይገቡ በስስ መረብ ይሸፍኑ። አራት ወይም አምስት እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ በምሽት ወይም በደመናማ ቀን ያዛውሩ፤ በቡቃያዎቹ መካከል ከ40 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ይተዉ። ቡቃያውን በሳጥኑ ከነበረበት ጥልቀት በላይ አይቅበሩት፤ የልቡ ቅጠል አፈር ከገባበት ይበሰብሳል። መደቡን 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያድርጉት፤ በዚያ ሰሞን ዝናቡ አይታመንም። በኮሪያ በጆሰን ነገሥታት ዘመን ከኢፕቹ በኋላ ዝናብ አምስት ቀን ከቀጠለ መንግሥት ሰማዩ እንዲጠራ ጊቾንግጄ የሚባል ሥርዓት ያስደርግ እንደነበር ሲያስቡ የጭንቀቱን ልክ ይረዱታል።

እንዳይዘገዩ ስለፈሩ ብቻ በጁላይ መዝራትም መፍትሔ አይሆንም። በሙቀትና በእርጥበት የተጠቀለለ ጎመን ከሥሩ ለስልሶ የሚገማ የባክቴሪያ ብስባሴ ይይዘዋል፤ አንዴ ከያዘው መድኃኒት የለውም፤ ነቅሎ ከማሳው ማውጣት ብቻ ነው። ነጩን ራዲሽ ደግሞ በችግኝ አያሳድጉ። ሥሩ ሲዛወር ጫፉ ስለሚቆረጥ ሁለት ሦስት እግር ያወጣል፤ ትኩስ ፍግ የበዛበት ወይም ድንጋያማ መሬትም እንዲሁ ያደርገዋል። በኦገስት አጋማሽና ማብቂያ መካከል በቀጥታ ማሳው ላይ ይዝሩት።

በቻይና ከያንግትዜ ወንዝ ደቡብ በዓመት ሁለት ጊዜ ሩዝ የሚያመርቱ ገበሬዎችም ሊቺዩን እንደ መቁረጫ ቀን ይይዟታል፤ የሁለተኛው ዙር ሩዝ ችግኝ ከእርሷ በፊት ማሳ መግባት አለበት። ካለፈ ሩዙ የሚያብበው ቀዝቃዛው ነፋስ ሲመጣ ይሆናል። የቀኑ አማካይ ሙቀት ለሦስት ቀን ያህል ከ20 ወይም ከ22 ዲግሪ ከወረደ፣ ልኩ እንደ ዝርያው ሆኖ፣ የአበባው ብናኝ ይመክንና ዛላው ባዶ ይቀራል።

ጥያቄ፦ በሊቺዩ ዕለት ቻይናውያን ሰው ይመዝናሉ ይባላል። ሌላስ ምን ያደርጋሉ?

መልስ፦ በሰሜን፣ በተለይ በቤጂንግና በሄበይ፣ በበጋ መግቢያ በሊሺያ የተመዘነ ሰው በሊቺዩ እንደገና ይመዘናል። በሙቀቱ የምግብ ፍላጎት ስለሚቀንስ የከሳው ይታወቃል፤ የጎደለውን ለመመለስ ሥጋ ይበላል። ይህን «ትዬ ቺዩ ቢያው» ይሉታል፤ የመጸው ሞራ መለጠፍ ማለት ነው። በቲያንጂንና በሻንግሃይ አካባቢ ሐብሐብ ይገመጣል። በሃንግጆ ኮክ ተበልቶ ፍሬው እስከ አዲስ ዓመት ዋዜማ ይቀመጥና ምድጃ ውስጥ ይጣላል። በሁናን ክፍለ ሀገር በኋዩዋን ወረዳ የሚኖሩ የሚያው ብሔረሰብ ሰዎች በሊቺዩ የጋንቺዩ በዓላቸውን ያከብራሉ፤ ስምንት ሰው የሚይዝ ዙሪያ ገብ ዥዋዥዌ ይተከላል። ሃያ አራቱ ክፍሎች በ2016 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍረዋል። የደረቁ ሰብሎችን ማየት የሚሻ ደግሞ በጂያንግሺ ክፍለ ሀገር፣ ውዩዋን ወረዳ ያለውን የኋንግሊንግ መንደር ያስብበት፤ ቃሪያው፣ ዱባውና በቆሎው በሰፌድ ሆኖ በጣራውና በመስኮቱ ላይ ይሰጣል።

ጥያቄ፦ በሊቺዩ «ወር» አምስት አምስት ቀን የሚቆጠሩ ምልክቶች አሉ ሲባል ሰምቼ በጃፓን ካላንደር ላይ ፈለግኳቸው፤ ከቻይናው ጋር አይገጥሙም።

መልስ፦ እያንዳንዱ ክፍል ሦስት ምልክት አለው፤ በዓመት 72 ይሆናሉ። በቻይና የሊቺዩ ሦስቱ፦ ቀዝቃዛ ነፋስ ይደርሳል፤ ነጭ ጤዛ ይወርዳል፤ የብርድ ሲካዳ (ዛፍ ላይ ሆኖ የሚጮኽ ነፍሳት) ይዘምራል። በጃፓን የሥነ ፈለክ ሊቁ ሺቡካዋ ሹንካይ የ1685ን አቆጣጠር ሲያዘጋጅ ምልክቶቹን ለአገሩ እንዲስማሙ መቀየር ጀመረ፤ ከእርሱ በኋላም ተሻሽለዋል። ዛሬ የሚታተሙት ቀዝቃዛ ነፋስ፣ የምሽት ሲካዳና ወፍራም ጉም ናቸው።

ጥያቄ፦ ለመጸው ድርቀት ይጠቅማል የሚባለውን የፒርና የነጭ እንጉዳይ ሾርባ ሠርቼ ውኃ ውኃ አለብኝ። የጎደለው ምንድን ነው?

መልስ፦ ጊዜ ነው የጎደለው፤ ምናልባትም አነካከሩ። እንጉዳዩ ዪንኧር ይባላል፤ ሾርባውን የሚያወፍረው ከእርሱ የሚወጣው ልጋግ ነው። ለአራት ሰው 15 ግራም ደረቅ ዪንኧር ይበቃል። በቀዝቃዛ ውኃ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ይንከሩት፤ በፈላ ውኃ ከነከሩት ከላይ ይለሰልስና መሐሉ ደርቆ ይቀራል። ከሥሩ ያለውን ቢጫ ጠንካራ ክፍል በመቀስ ቆርጠው ያውጡ፤ የቀረውን በጣትዎ በደቃቁ ይበጣጥሱ። በትልልቁ ከተዉት ልጋጉ አይወጣም።

በ1 ሊትር ተኩል ውኃ ከፈላ በኋላ እሳቱን ቀንሰው ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ያብስሉት፤ በየጊዜው ካላማሰሉት ከታች ይይዛል። ሾርባው ከማንኪያ ላይ ሲወርድ ክር ክር ማለት ሲጀምር ሁለት የተቆራረጠ ፒርና ከ30 እስከ 40 ግራም ባለ ትልልቅ ቅንጣት ስኳር ይጨምሩ፤ ሌላ 20 ደቂቃ። ጎውቺ የሚባለው ቀይ ደረቅ ፍሬ የሚገባው በመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች ነው፤ ቀድሞ ከገባ ይፈራርስና ሾርባውን ያኮመጥጠዋል።

ስለ መንከሩ አንድ ነገር አጥብቀን እንለምናለን። በኦገስት ሙቀት ዪንኧርን ሌሊቱን ሙሉ ከማቀዝቀዣ ውጭ ነክሮ ማሳደር አደገኛ ነው። በተነከረ እንጉዳይ ላይ የሚያድግ አንድ ባክቴሪያ ቦንግክሬኪክ አሲድ የተባለ መርዝ ያመነጫል፤ መርዙ በመፍላት አይጠፋም፤ ሰው ገድሏል። ሽታውም ጣዕሙም ላይለወጥ ስለሚችል በመቅመስ አይለይም። ከሁለት ሰዓት በላይ ማቆየት ካስፈለገ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያድርጉትና በዚያው ቀን ያብስሉት። ረስተውት ውጭ ካደረ፣ የተወደደም ቢሆን፣ ይጣል።